ዙህር ሲደርስ የሚጠራው ድምፅ

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ኢንተርኔት በከተማችን በመካነ ሰላም አንድ ቀን መጥቶ ብዙ ቀን በሚጠፋበት ሰሞን ነው። ዛሬም ኮምፒውተር ከፍቼ «ፈቃድ የለም» የሚል ነገር ካየሁ ያ ሰሞን ይመጣብኛል።

አባዬ ደረሳ ሰብስበው ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ የሚያስተምሩ ሸህ ናቸው። እናታችን ቀድማ ስላለፈች ቤቱ የሦስታችን ነበር፤ የእሳቸው፣ የእኔና የታናሽ ወንድሜ የሰይድ። የአባዬ ዓይን ሲጠፋ፣ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ይማር የነበረው ሰይድ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ አንድ ፕሮግራም ሠራላቸው። የሰላት ሰዓት ሲደርስ፣ ቀትር ላይ ለምሳሌ፣ በራሱ በሰይድ ድምፅ «አባዬ፣ ዙህር ደርሷል፤ ይነሱ» ይላል። እሳቸውም ሰው እንዳናገራቸው ሁሉ «እሺ ልጄ» ብለው ይነሳሉ።

ሰይድ ተመርቆ ሥራ ሲያጣ በባሕር ወደ ዐረብ አገር ሊሻገር ተነሳ። «ኮዱን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጬዋለሁ» አለኝ ሲሰናበተን። «ቢበላሽ ከዚያ አውርደሽ ትሠሪዋለሽ። ካቃተሽ ደውይልኝ።» እኔ ኮምፒውተር የተማርኩት ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ፣ እየነካካሁ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አብሮት የሄደ የከላላ ልጅ ደወለ። ጀልባዋ ሰጥማለች፤ ሰይድ ባሕር ውስጥ ቀርቷል።

አባዬ በጠና ታመው ስለነበር አጎቴ ሙሔ «እስኪያገግሙ መርዶው ይቆይ» አለ። ዓይናቸው ስለማያይ ፊታችንን መደበቅ አልቸገረንም፤ የምንጠብቀው ድምፃችንን ነበር። ሰይድ ግን በየሰላቱ ሰዓት ይጣራል፤ እኔ ጓዳ ገብቼ የሻርፔን ጫፍ እነክሳለሁ።

ከዚያ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩን አቃጠለው። አባዬ «ሰይድ ምነው ዝም አለኝ?» ማለት ጀመሩ። ያቺን ድምፅ ካጧትማ ይብስባቸዋል ብዬ ፈራሁ።

የምሠራበት የፎቶ ኮፒ ሱቅ ባለቤት አሮጌ ላፕቶፕ ሰጠችኝ። ኮዱን በሱቁ ኮምፒውተር አውርጄ በፍላሽ ቤት ወሰድኩት። ልገነባው፣ ማለት ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ልቀይረው ትእዛዝ ስሰጥ ላፕቶፑ «ፈቃድ የለም» አለኝ። እልህ ይዞኝ ሁሉንም ነገር፣ ምንም በማይከለከለው በማሽኑ አስተዳዳሪ ስም አስኬድኩት። ባሰበት! በራሴ ስም ስመለስ፣ ራሴ የፈጠርኩት የፋይል ማስቀመጫ የአስተዳዳሪው ሆኖ እኔኑ አላስገባም አለ።

«አንቺ፣ ለዚህ ማሽን ዱዓ እናስደርግለት እንዴ?» ይለኛል አጎቴ ሙሔ፣ ስበሳጭ ሲያየኝ። አባዬ አልጋቸው ላይ ሆነው ያዳምጣሉ።

በመጨረሻ ላፕቶፑን ተሸክሜ ሱቅ ሄድኩና ኮዱን ያለ ፍላሽ በቀጥታ አወረድኩበት። የፊቱንና የአሁኑን ጎን ለጎን ሳያቸው ገባኝ። ሰይድ መገንቢያው ፋይል እንዲሠራ ፈቃድ ሰጥቶት ነበር፤ በፍላሽ ሲያልፍ ያ ፈቃድ ወድቆ ቀርቷል። አዲሱ ግን እንዳለ ይዞት መጥቷል። ማስቀመጫውን ወደ ራሴ ስም መለስኩና እንደገና ሞከርኩ። ተገነባ።

ቤት ሮጬ ላፕቶፑን ከአባዬ ራስጌ አስቀመጥኩት።

«አባዬ፣ ዙህር ደርሷል፤ ይነሱ» አለ ሰይድ።

ደስ ብሎኝ ሳቅሁ። አባዬ ግን አልተነሱም። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ስትለፊ፣ ወንድምሽን ደውለሽ ያልጠየቅሽው ለምንድን ነው?»

ጎንበስ ብዬ የላፕቶፑን ገመድ ማስተካከል ጀመርኩ።

«ካቃተሽ ደውይልኝ ሲልሽ እኮ ሰምቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እኔና አጎቴ ጓዳ ተደብቀንም ቢሆን አብረን አልቅሰናል። አባዬ ግን እኛ ጠበቅናቸው ስንል፣ እዚያች አልጋ ላይ ብቻቸውን ነበር ያዘኑት።

ያን ቀን ደግፌያቸው ታጥበው ውዱእ አደረጉና ዙህርን ሰገዱ። ከዚያ ደረሶቻቸውን አስጠርተው፣ አስከሬን ለሌለው ሟች የሚሰገደውን ሰላት ለሰይድ አሰገዱለት። ላፕቶፑን ልዘጋው ስል «ተይው» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ የዐስር ሰላት ሲደርስ ሰይድ ተጣራ። አባዬ «እሺ ልጄ» ብለው ተነሱ።