ልጅቷ ዋና የተወችበት ምክንያት

በስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍሉ ውስጥ የስፖርትን ታሪክ የምታስተምረው አንዲት መምህርት ብቻ ነበረች። ባልደረቦቿ የልብ ምትና የጡንቻ ጉልበት ሲለኩ፣ እሷ ከቀድሞ ተጫዋቾች ጋር ቁጭ ብላ ትዝታቸውን ትቀዳለች። የላቦራቶሪው ኃላፊ «ባለ ተረቷ መጣች!» እያለ ሲቀልድባት ስቃ ታልፈዋለች።

አንድ ቀን ይኸው ሰው ፊቱ ጠቁሮ ቢሮዋ ገባ። ዋናተኛዋ ሴት ልጁ ውድድሩን እርግፍ አድርጋ ትታዋለች።

«ሳንባዋንም ልቧንም መረመርኩ፤ ምንም የለባትም» አላት።

«ለምን እንደተወች ጠይቀሃታል?»



በማግስቱ ልጅቷን ይዟት መጣ። መምህርቷ ወንበር ስባ፣ «እስቲ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ የገባሽ ቀን እንዴት ነበር?» አለቻት። ልጅቷ ብዙ አወራች። በመጨረሻ ወደ አባቷ ዞራ፣ «ድሮ ከገንዳው ስወጣ ‹ደስ አለሽ?› ትለኝ ነበር። አሁን የምትጠይቀኝ በስንት ሰከንድ እንደጨረስኩ ብቻ ነው» አለችው።

አባትየው አንገቱን ደፋ።

በኋላ ትምህርት ክፍሉ የመምህርቷን የስፖርት ታሪክ ኮርስ ለመሰረዝ ሲሰበሰብ ቀድሞ የተቃወመው እሱ ነበር። ልጅቷ ወደ ውድድር አልተመለሰችም። እሁድ እሁድ ግን ከአባቷ ጋር አብረው ይዋኛሉ፤ እሱ እንደ ድንጋይ ይሰምጣል፣ እሷ በሳቅ ትፈርሳለች።