የብስ መንገድ የለም ያልኩ ቀን

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ጾም በመጣ ቁጥር ንስሐ እገባለሁ። ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ ስንፍናዬን ዘርዝሬ እናዘዝና እዚህች ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። ባሌም አያውቅም። አሁን ፊትዎን ለማላየው ለእርስዎ ልናገር ነው። ፊት ለፊት ብንቀመጥ ዛሬም የምዋሽ ይመስለኛል፤ ራሴን አውቃታለሁ።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። አትላንታ ውስጥ ገና የምንተዋወቅ ጥቂት ሐበሾች ነበርን። እኔ ከከተማው ዳር፣ ስቶን ማውንቴን የሚባል ሰፈር፣ ከእማማ ጽጌ ጋር አንድ አፓርትመንት ተጋርቼ እኖር ነበር። እማማ ዘመዴ አይደሉም። ግን ከሥራ ደክሜ ስገባ ሳልበላ የማያስተኙኝ፣ ስታመም ራሴን ደግፈው ውኃ የሚያጠጡኝ እሳቸው ነበሩ። ሙሉጌታ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው፤ የስደት ዕጣው ካናዳ ጥሎት ሃሊፋክስ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ይኖር ነበር።

እማማ ስለት ነበረባቸው። ሙሉጌታ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ሳለ ከጅቡቲ ወደ የመን በጀልባ ሲሻገሩ ማዕበል ተነሣ። ያኔ ልጃቸውን አቅፈው፣ «ቅዱስ ገብርኤል፣ ይህን ልጅ አውጣልኝ እንጂ ዳግመኛ እግሬ መርከብ አይረግጥም» ብለው ተሳሉ። ልጁ ወጣ። ይህን ታሪክ ወጥ እያማሰሉ ስንቴ ነግረውኛል። አላውቅም ነበር ልል አልችልም። አውቅ ነበር።

አንድ በጋ ላይ ሙሉጌታ ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ገባ የሚል ስልክ መጣ። አውሮፕላን አቅማችን አልነበረም። እኔ ደግሞ መኪና ከገዛሁ ሰንበትበት ብያለሁ፣ ከሐበሻ ሴቶቹ ቀድሜ ላይሰንስ ያወጣሁትም እኔ ነኝና ትዕቢቴ ለጉድ ነው። «እኔ እነዳለሁ እማማ፣ አያስቡ» አልኳቸው። ያን ስል ልቤ ቅን ነበር። ይህችን ብቻ ለራሴ ላስቀራት።

«በየብስ ከሆነ እሺ» አሉኝ። «መርከብ ካለበት ግን ነገሬን ታውቂያለሽ።»

መንገዱን ላጣራ ማሪዬታ ያለ አንድ የጉዞ ቢሮ ሄድኩ። ሰውዬው ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጣቱ አሳየኝ። ካናዳ ድንበር ላይ እስካለችው ሜይን ድረስ ከነዳሁ በኋላ ሦስት ምርጫ አለኝ። አንዱ ባሕሩን ዞሮ የሚሄድ የየብስ መንገድ ነው፤ ይረዝማል እንጂ ቀላል ነው አለኝ። ሌላው አጭሩ የመርከብ ጉዞ፣ ሌላው ደግሞ ረጅሙ። መርከቡ መኪናሽን ሆዱ ውስጥ ያስገባልሻል፣ አንቺ ላይ ሆነሽ ትዝናኛለሽ አለኝ። ረጅሙ ላይ ምግብ ቤት አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ ይጨፈራል። ፎቶም አሳየኝ። ፈረንጆች ብረቱን ተደግፈው፣ ፀጉራቸውን ነፋስ እየበተነው ይስቃሉ። ረጅሙን ያዝልኝ አልኩት።

ለምን? መንዳቱ ስለሚከብደኝ ነው ብዬ ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር፤ የጠየቀኝ ግን የለም። እውነቱ ሌላ ነው። እኔ ካገሬ የወጣሁት በእግሬ ነው፣ ሱዳን የገባሁት ተደብቄ ነው፣ አሜሪካ የመጣሁት ስሜ ሲጠራ ተሰልፌ ነው። በሕይወቴ መንገድ መርጬ ሄጄ አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ ስደተኛነቴ ቀርቶ እንደ ቱሪስት መሄድ አማረኝ። ቀዩን ጃኬቴን ለብሼ መርከብ ላይ ፎቶ መነሣት አማረኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህም ምክንያት ሆኖ የሰው ስለት ያስበላል?

ቤት ስገባ እማማ በር ላይ ጠበቁኝ።

«የብስ አለ?»

«የለም» አልኩ።

«ምንም?»

«ምንም መንገድ የለም እማማ። ያለ መርከብ አይደረስም።»

ሶፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ይቋጥሩ ይፈቱ ጀመር። ያ ሲያስጨንቀኝ፣ ምላስ አጥንት የለው፣ «ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» አልኳቸው። እንዲያው እንደ ዘበት፤ ሰው ጾመኛ ሲያስገድፍ እንደሚለው። እሳቸው ግን እንደ ዘበት አልሰሙትም። «በአንቺስ አይሁን፤ ገና ወልደሽ የምትስሚ ልጅ ነሽ። የእኔው በእኔ ይሁን» አሉኝ። ያን ጊዜ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ሻንጣ ላዘጋጅ ገባሁ።

መርከቡ ሆድ ውስጥ ገብቼ ፓርክ ሳደርግ እማማ ከመኪናው አልወርድም አሉ። ካልወረዱ እግራቸው መርከብ አልረገጠም ማለት ነው፤ ለካ መንገዱን ሙሉ ሲያስቡ የመጡት ይህንን ነው። ሠራተኛው መጥቶ እታች መቆየት አይፈቀድም አለ። አሮጊት ናቸው፣ ስለት አለባቸው ብዬ ልለምነው እችል ነበር። ፈረንጆቹ ሲያዩን አፈርኩና «ይውረዱ ይላል» አልኳቸው ብቻ። እማማ እግራቸው መርከቡን እንዳይነካ ነጠላቸውን ለሁለት ቀደው ጫማቸውን ጠቀለሉበትና ወረዱ። ቀድሜያቸው ሄድኩ፤ አብረን የመጣን እንዳንመስል።

እላይ ወንበር ላይ እግራቸውን ሰብስበው ተቀመጡ፣ እስክንደርስም አላወረዱትም። እኔ ፎቶ ተነሣሁ። ጨፈርኩም። ፎቶው አሁንም አለኝ፤ ጥርሴ ሁሉ ይታያል።

ሙሉጌታ እናቱን ሲያይ ቀና አለ፣ ሾርባ ጠጣ። እማማን እዚያው ትቼ ለሥራዬ ብቻዬን ተመለስኩ። መርከቡን ልቤ እምቢ ስላለኝ በየብስ ነዳሁ። ጥሩ አስፋልት ነው፣ ግራ ቀኙ ጫካ። ማንም የሚነዳው መንገድ ነው።

ሙሉጌታ ያ በጋ ሳያልቅ ሞተ። ሐበሻው አዋጥቶ እማማን በአውሮፕላን መለሳቸው። ለቅሶ ላይ ሰዉ «የእግዜር ሥራ ነው፣ ይጽናኑ» ይላቸዋል። እሳቸው ግን፣ «አይደለም፣ የእኔ ሥራ ነው። በልጄ ተስዬ በልጄ ላይ አፈረስኩት» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሮማን ትመስክር። መንገድ ቢኖር አልሳፈርም ነበር። መንገድ አልነበረም፣ አይደል ልጄ?»

ቤቱ ሁሉ አየኝ። «አልነበረም» አልኩ።

የመጀመሪያውን ልጅነቴ ነው ይበሉልኝ፤ ይህኛውስ? ሙሉጌታን የገደለው ሳንባው እንደሆነ አውቃለሁ። ገብርኤልም ለአንዲት ምስኪን እናት ቂም ይይዛል ብዬ አላምንም። እማማ ግን ያምኑ ነበር። መንገድ ነበረ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ ብላቸው ምናልባት ይረግሙኝ ነበር፤ ያ ሸክም ግን ይወርድላቸው ነበር። መረገሙን ፈራሁ።

ቄስ ሲመጡ ተናዝዘው ቀኖና ተቀበሉ፤ ስግደት። ጉልበታቸው የታመመ ሰው ናቸው። ጠዋት ለሥራ ስለባብስ ጉልበታቸው ወለሉን ሲነካ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። የእኔን ኃጢአት ነበር የሚሰግዱት። እኔ ዩኒፎርሜን ቆልፌ «ደህና ይዋሉ እማማ» እላለሁ። «ገብርኤል ይከተልሽ» ይሉኛል።

ከዓመታት በኋላ ሲያርፉ አጠገባቸው ነበርኩ። እጄን ይዘው፣ «ሙሉጌታን ሳገኘው ይቅር ይለኝ ይሆን?» አሉኝ። አፌን ከፈትኩ። «ይልዎታል» አልኩ፤ ሌላ አልጨመርኩም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔው ይኸው እስከዛሬ በእኔ እጅ ጨልሞ ኖረ። ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅር ማለት የሚችሉት ሴት የእኔን ጥፋት የራሳቸው ነው ብለው ሄደዋል። ለሳቸው መንገር የነበረብኝን ለእርስዎ ነግሬ ልጨርስ።

እማማ፣ መንገድ ነበረ።