ሲስተር ፎቶ ያነሳችኝ ቀን

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤታችን፣ ልጄ የታሪክ የቤት ሥራዋን ስትሠራ መጽሐፏን ወደ እኔ አዞረችው። ገጹ ላይ አንድ ነጭ ሚሲዮናዊ ጫማ ባላደረጉ ሕፃናት መሃል ቆሟል። ከሥሩ አሳሾች፣ ሚሲዮናውያንና ነጋዴዎች ስለ አፍሪካ ለአገራቸው ሕዝብ ምን ይነግሩ እንደነበር የሚጠይቅ ጥያቄ አለ።

"ማሚ፣ አንዳቸውም ጫማ አልነበራቸውም?" አለችኝ።

"አንዳንዶቹ ሳይኖራቸው አይቀርም" አልኳትና ሽንኩርት የምከትፍበትን ቢላ አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ልጅ እያለሁ ሆሳዕና አካባቢ ባለችው መንደራችን አንድ የሚሲዮን ክሊኒክ ነበር። እዚያ የምትሠራዋን ከባሕር ማዶ የመጣች ነርስ ሁላችንም ሲስተር እንላት ነበር። እጇ ሁልጊዜ አልኮልና ሳሙና ይሸታል። ወባ ይዞኝ ሰውነቴ ሲቃጠል ሦስት ቀን ከአጠገቤ አልተለየችም። አባቴ አስተርጓሚዋ ነበር። እሷ በእንግሊዝኛ የምትለውን እሱ በቋንቋችን ለበሽተኛው ይነግራል፤ የበሽተኛውንም መልሶ ለእሷ። የመንደሩ ሰው "የሲስተር አፍ" ይለው ነበር፤ እኔም በዚህ እኮራ ነበር።

ሲስተር ካሜራ ነበራት። ፎቶዎቹን አገሯ ላሉ ምእመናን ትልካለች፣ እነሱም አይተው መድኃኒትና ልብስ ይልኩልናል ይባል ነበር። አንድ ቅዳሜ ልጆችን ሰብስባ ከክሊኒኩ ግድግዳ ሥር፣ ፀሐይ ላይ ደረደረችን። በዚያው ሳምንት አባቴ ከገበያ ኮንጎ ጫማ ገዝቶልኝ ነበር፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው። የአዲስ ላስቲክ ሽታው ደስ ስለሚለኝ ትራሴ ሥር ነበር የማሳድረው። ለፎቶው ብዬ በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬው መጣሁ።

ሲስተር በካሜራዋ አየችን፤ ከዚያ ዝቅ አደረገችውና እግሬን በጣቷ እያሳየች ለአባቴ አንድ ነገር አለችው። ጫማ ያደረጉ ሁለት ልጆች ምልክቱ ገብቷቸው ወዲያው አወለቁ። እኔም ለማውለቅ ጎንበስ ስል አባቴ ትከሻዬን ያዘኝ።

"ተይው። ቀና ብለሽ ቁሚ ነው የምትለው" አለኝ።

እንደዚያ እንዳላለች ገብቶኛል። አባቴ የሲስተርን ቃል ሲለውጥ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ በእንግሊዝኛ ዝግ ብሎ ተናገራት። ፊቷ ቀላ። ከዚያ ካሜራውን ወደ ዓይኗ መልሳ አነሳችን።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ "ከሥራ ቢያስወጡህስ?" ብላ ተጨነቀች። ሰኞ ጠዋት አባቴ ኮቱን ለብሶ ሲሄድ በር ላይ ቆማ ከዓይኗ እስኪሰወር አየችው። እሱ ግን እንደ ወትሮው ሠርቶ ተመለሰ። ሲስተርም ከዚያ ወዲህ ልጆችን ፎቶ ስታነሳ ጫማ አውልቁ ስትል አላየሁም።

ልጄ ይህን ስትሰማ "ምኩሉ ምን ብለዋት ነው?" አለችኝ። አያቷን እንደ ዙሉ ጓደኞቿ ምኩሉ ነው የምትላቸው። እኔም ጠይቄው አላውቅም ነበርና ስልክ ደወልንለት። አባቴ አርጅቷል፤ ጆሮውም ከብዷል። ሁለት ጊዜ ከደጋገምኩለት በኋላ ሳቀ።

"'ጫማውን የገዛሁላት እኔ ነኝ፤ አገርሽ ያሉት ሰዎች አባት እንዳላት ይወቁ' ነው ያልኳት" አለ። ቀጥሎም "ክፉ ሰው አልነበረችም፣ ልጄ። አንቺንም ያተረፈችልኝ እሷ ናት። እንዲያዝኑልን ፈልጋ ነው" አለኝ።

ዛሬ የልጄ ስልክ በፎቶ የተሞላ ነው። ደስ ያላትን ለብሳ፣ ደስ ባላት በኩል ዞራ ራሷን ታነሳለች፤ ያልወደደችውን ታጠፋለች። የእኔ የልጅነት ፎቶ ግን ያ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱንም አይቼው አላውቅም። ምናልባት ባሕር ማዶ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት፣ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። ያገኘው ሰው ስሜን አያውቅም። እኔ ግን አንዳንዴ፣ አባቴ በሕይወት እያለ ያን ፎቶ አንዴ ባሳየው እላለሁ።