ያሲን ከመጋረጃ ጀርባ

ረመዳን ሲገባ ቁርአኔን ከሳጥን ባወጣሁ ቁጥር የጥላሸት ጣዕም አፌ ላይ ይመጣል። በእኛ ጊዜ ሸኽ ቤት ቁርአን የቀራ ሰው ይህን ጣዕም አይረሳውም። ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቀን፣ በሙጫ አሽተን ቀለም እንሠራ ነበር። በእሱ ሸኻችን ትምህርታችንን ሉህ በሚባለው ጣውላ ላይ ይጽፉልናል። በቃላችን ከያዝነው በኋላ ሉሁ ይታጠባል፤ እጣቢውን እንጠጣለን። ቁርአኑ ሆዳችን ገባ ማለት ነው። እኔማ ሆዴ ጠቁሮ ይሆን እያልኩ ቀሚሴን ገልጬ አይ ነበር።

ቤታችን አዳማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር። አባቴ ከወሎ የመጣ አቡጀዲ ነጋዴ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከገበያ ሲታገል ይከርምና ረመዳን ሲገባ ሌላ ሰው ይሆናል። ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የከረመውን ቁርአን ከቆዳ ማኅደሩ አውጥቶ፣ አቧራውን በኩታው ጫፍ ይጠርግና እንደ ዘመድ «ደግሞ ተጠፋፋን» ይለዋል። ከዚያ እኔን አጠገቡ አስቀምጦ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀራል። ውጭ ንፋሱ አቧራውን ሲያንገላታው፣ ጥሙ ጉሮሮዬን ሲያደርቀው፣ ከአባቴ ጎን መሆኔ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

አንድ ዓመት «የያሲንን ምዕራፍ በቃልሽ ከያዝሽ፣ ቁርአኑን ጨርሰን ስናከትም በእንግዳው ሁሉ ፊት የምትቀሪው አንቺ ነሽ» አለኝ። ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ አመንኩት። ሸኻችን የአርሲ ሰው ነበሩ። ስቸኩል «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቀስ በይ» እያሉ ያሲንን እስከ መጨረሻው አስያዙኝ።

ረመዳኑ ሲጋመስ የአጎቴ ልጅ ሰይድ ከወሎ መጥቶ ከእኛ ጋር መኖር ጀመረ። ደግ ልጅ ነው፤ ትምህርት ግን አይዘልቀውም። አባቴ «እንዳያፍር አስጠኚው» ስላለኝ ያሲንን አስጠናሁት። በአንድ ሉህ ቀራን፤ እጣቢውን ሳይቀር ተካፍለን ጠጣን።

የማክተሚያው ቀን፣ ከሰዓት ከሚሰገደው ከአስር ሶላት በኋላ አዲሱን ሻሼን አስሬ ከጓዳ ብወጣ፣ ሰይድ ነጭ ኮፍያ አድርጎ በእንግዶቹ መሐል ተቀምጧል። አባቴ በሩ ላይ አስቆመኝ።

«አንቺ ነገ ሰው ቤት ትሄጃለሽ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የእኔን ስም የሚያስጠራው እሱ ነው። ከሴቶቹ ጋር ተቀመጪ።»

ለካ ስለፋ የከረምኩት ለዚህ ኖሯል። ከመጋረጃው ጀርባ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰይድ ደህና ጀመረና መሐል ላይ ምላሱ ተያዘ። ለእሱ አዝኜ ይሁን ቁርአኑ ተቋርጦ መስማት ከብዶኝ አላውቅም፣ የቀረውን ከመጋረጃው ጀርባ ጀመርኩለት። ጥቂት ሄዶ ደግሞ ተያዘ፤ ደግሞ አስያዝኩት። እንዲህ እንዲህ እያልን ጨረስን።

አንድ ሽማግሌ ማሻአላህ ብለው ይህች የማን ልጅ ናት ሲሉ ጠየቁ። አሁን አባቴ ይናገራል አልኩ።

«የጎረቤት ልጅ ናት» አለ አባቴ።

እናቴ እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ።

በሚቀጥለው ረመዳን ቁርአኑን አውርዶ ሲጠራኝ ሥራ አለብኝ አልኩት። በሌላው ዓመት መጥራቱንም ተወው። ያኮረፍኩት አባቴን ነበር፤ የራቅሁት ግን ከቁርአኑ ነው። ተመልሼ ስገልጠው የልጆች እናት ሆኜ ነበር፤ ያም ሆኖ ያሲንን ምላሴ አልረሳውም።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ፣ ሴቶቹም ከወንዶቹ እኩል፣ ጮክ ብለው ሲቀሩ ያለ መጋረጃ እሰማለሁ። ደስ ይለኛል፤ ትንሽም ይቆጨኛል። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። በየረመዳኑ ያሲንን እቀራለትና ሰዋቡን፣ ምንዳውን፣ አድርስለት ብዬ አላህን እለምናለሁ። ልቤ የራራ ዓመት «ከልጁ ነው» እላለሁ። ዘንድሮ ግን «ከጎረቤት ልጅ ነው» አልኩ።