ያልተበላሸችው ባጃጅ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ለንስሐ አባቴ ያልነገርኳቸው የበደልኩት እሳቸውን ራሳቸውን ስለሆነ ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባጃጅ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ አንዲት ሰማያዊ ነበረችኝ። ዛሬ ሸራ ለብሳ ግቢዬ ውስጥ ቆማለች። የአሮጌ መኪና ፍቅር ያለባቸው ወጣቶች እየመጡ ፎቶ ይነሱባታል፤ "እስቲ የድሮውን አጫውተን" ይሉኛል። እኔም ምላሴ አያርፍም፤ በእጅ እየተሳበ ስለሚነሳው ሞተሯ፣ ገበያተኛውም ቆሞ ያያት እንደነበር አወራለሁ። አንዲቱን ቅዳሜ ግን እዘላታለሁ።

ያን ቅዳሜ ጧት መቀመጫዋን ቀይ ከፋይ ጨርቅ አለበስኩና ጎረቤቴን፣ የንስሐ አባቴን መምሬ ይትባረክን ጠርቼ ጸበል አስረጨኋት። መምሬ መሪዋን በመስቀላቸው ባርከው "ለሰው መድኃኒት ያድርጋት" አሉ። ከሰዓት በኋላ እኚሁ መምሬ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ እየሮጡ መጡ። ባለቤታቸው እትዬ የሻረግ ምጥ ይዟቸዋል፤ ደም እየፈሰሳቸው ነው። "ልጄ፣ ቶሎ ሆስፒታል አድርሰን" አሉኝ።

እኔ ምን አሰብኩ? ከፋዩን። ለራሴም ምክንያት አላጣሁለትም፤ ዛሬ ጸበል የተረጨች ነገር በወሊድ ደም ትርከስ እንዴ? አልኩ። በእምነት አሳበብኩ እንጂ ያሳሳኝስ ጨርቅ ነው። እምቢ ማለቱን ደግሞ አፈርኩት። ከኋላ ዞሬ የካንዴላውን ገመድ ነቀልኩ፤ ያለ እሱ ሞተሩ አይነሳም። ከዚያ ገብቼ ማንሻውን ደጋግሜ ሳብኩ። "ተበላሸችብኝ መምሬ" አልኳቸው።

ትተውኝ ሌላ ፍለጋ ቢሄዱ ምን ነበረበት! አመኑኝ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ከኋላ መግፋት ጀመሩ። እትዬ የሻረግ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆነው "አይዞህ፣ ትነሳለች" ይሉኝ ነበር። ያልተበላሸችውን ባጃጅ፣ ጧት የባረኳት ቄስ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ገፉልኝ። እኔ መሪ ይዤ ተቀምጬ ነበር። መቀመጤን አስቡት።

በመጨረሻ ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ወሰዷቸው። እትዬ የሻረግ ተረፉ። ሕፃኗ አልተረፈችም። ሐኪሙ "ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ" ማለቱን ሰማሁ።

በሳምንቱ መምሬ እኔን ሊያጽናኑ ቤቴ መጡ። "ብረት ነው ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየፍልሰታው ፊታቸው ተንበርክኬ ጾም መግደፌን፣ ሰው መስደቤን፣ ከቤተ ክርስቲያን መቅረቴን እዘረዝራለሁ። ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ ልል አፌን እከፍትና መልሼ እዘጋዋለሁ። እሳቸውም ሳያውቁ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይሉኛል። ከምኑ ነው የፈቱኝ?

ባለፈው ሳምንት ወጣቶቹ "ድምጿን ካልሰማን አንሄድም" አሉ። መምሬም ምርኩዛቸውን ይዘው ሊያዩ መጡ። ቤንዚን ጨመርኩ፣ ካንዴላውን ጠረግኩ፣ ማንሻውን ሳብኩ። በሁለተኛው ተነሳች። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። መምሬ ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ መሪዋን እየዳበሱ "ምነው ያን ቀን እንዲህ ብትነሺ" አሏት። እሷን ነው የወቀሷት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሞተሩን አጠፋሁ።

ልጅነት ነው ልበል? የሁለት ልጆች አባት ነበርኩ። የምጥን ነገር አላውቅም ልበል? ሁለቱም ሲወለዱ ደጅ ቆሜ አልቅሻለሁ። ይቅር በሉኝ ብዬ እናንተን አላስቸግርም፤ ይቅር ማለት ከሚችሉት ሰዎች ጋር አጥር ለአጥር ነን። ባጃጇ ከተነሳችበት ቀን ወዲህ ሁለት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። በሁለተኛው እትዬ የሻረግ አዩኝና "ግባ እንጂ ልጄ፣ ምነው ደጅ ቆምክ?" አሉኝ።

እቸኩላለሁ ብዬ ዋሸኋቸው።