ሁለት ስልክ በአንድ ሞተር ላይ

ሙባረክ የታሸገ ካርቶን እንኳ ነቅንቆ ድምፁን ሳያዳምጥ ሞተሩ ላይ የማይጭን ተጠራጣሪ ሰው ነው። በጁባ ከተማ አንዳች ነገር በእምነት የሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ዐርብ ዐርብ ለጁምዓ ሶላት ሲገባ ስልኩን ለባልንጀራው ለበቀለ ያስረክባል። ሁለቱም በአንድ ኩባንያ መተግበሪያ እየታዘዙ በሞተር ዕቃ ያደርሳሉ። ስልኩን የዘጋ ደረጃው ይወርዳል፤ ደረጃው የወረደም ሥራ ያጣል። ስለዚህ በቀለ ዐርብ የሙባረክን ትእዛዝ ደርቦ ያደርሳል፤ እሑድ በቀለ ሲያስቀድስ ደግሞ ሙባረክ ውለታውን ይመልሳል። ይህን ከሁለቱ በቀር ያወቀ አልነበረም።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ማለዳ የሙባረክ ስልክ «በማጭበርበር ታግደሃል» የሚል ቃል አውጥቶ ጸጥ ሲል፣ ጥርጣሬው ሌላ መሄጃ አጣ። ሃይ ማላካል ሰፈር ካለው የሞተረኞች መቆሚያ ማዶ ሆኖ በቀለን በዓይነ ቁራኛ ይከታተለው ጀመር። በቀለ አየውና ጀርባውን አዞረ። ሙባረክ ደሙ ፈላ፤ ተሻግሮም አንገትጌውን ጨመደደው።

«በእኔ ላይ ለማሳበቅ ምን ሰጡህ?»

«ለአንተስ ምን ሰጡህ?» በቀለ የራሱን ስልክ አፍንጫው ሥር ደቀነለት። ያው ቃል፣ ያው እገዳ። «እኔ ሞኙ! ጁምዓ የማያስታጉል ሰው ጓደኛውን አይሸጥም ብዬ!»

ተያይዘው ወደ ኩባንያው ቢሮ ሄዱ። ጋምቤላ ያደገችው ሠራተኛ ቲና በአማርኛ ተቀበለቻቸው።

«ማሌሽ፣ ይቅርታ ወንድሞቼ። ሲስተሙ ሁለት ስልክ በአንድ ሞተር ሲዞር አይቶ፣ በሁለት ስም የሚሠራ አንድ አጭበርባሪ ነው ብሏል።»

«ይህን የወሰነውን ሰው ጥሪልን» አለ ሙባረክ።

«ሰው አልወሰነም።»

«ጉድ ነው!» አለ በቀለ። «በሌለ ሰው ልንተራረድ ነበር።»

ሙባረክ ግን አላመናትም፤ «ነገ ተራው የእናንተ ነው» እያለ ወሬውን ይዞ ከመቆሚያ መቆሚያ ዞረ። በተከታዩ ዐርብ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሞተረኛ አድማ መትቶ፣ ስልኩን አጥፍቶ በመስጊዱ ደጃፍ ተኮለኮለ። የጀበል ገበያ ነጋዴዎች ዕቃቸውን አሽገው ቢጠብቁ የሚመጣ ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ቲና በላብ ተጠምቃ ደረሰች።

«እገዳችሁ ተነሥቷል። ከእንግዲህም ሰው ጉዳዩን ሳያይ ማንም አይታገድም።»

ሙባረክ ዓይኑን አጠበበ። «የትኛው ሰው? ስም የለውም?»

«እኔ ነኝ የማየው።»

ከእግሯ እስከ ራሷ ቃኛት። ከዚያም ስልኩን አብርቶ በመዳፏ ላይ አኖረው።

«እንግዲያው ያዢልኝ፤ ሶላት ደርሷል።»