የግራው መንኰራኩር ጠባቂ

ሳራንጋ ጀግና አልነበረም፤ የጀግና ሠረገላ ጠባቂ ነበር። በዚያ ዘመን ታላቁ ተዋጊ ሠረገላው ላይ ቆሞ ሲወጋ፣ በቀኝና በግራ መንኰራኩሮቹ አጠገብ ሁለት ሰዎች ይሮጡ ነበር፤ ከጎን የሚመጣውን በጋሻቸው ሊቀበሉ። ዘማሪዎቹ የላይኛውን ሰው ስም ይዘው ቀሩ። እኔ ግን ዕድሜዬ እየገፋ ሲሄድ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የታችኛው ነው።

የጎማቲ ወንዝ ዳር ልጅ ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ጫካ ውስጥ ከሚኖር መምህር ዘንድ ገብቶ፣ እንጨት እየለቀመ፣ የተቀደሰውን እሳት እየጠበቀ፣ ቀስት ተማረ። ከዚያ ሲወጣ ሁለት ነገር ይዞ ነበር፤ የቀስት ጅማት ክንዱ ላይ የተወውን ጠባሳና ውሸት የማያውቅ ሰው የሚል ስም። አግብቶ ሁለት ሴት ልጆች ወለደ። ሠላሳ ሲሞላው የጌታ ማሂዳራን የግራ መንኰራኩር እንዲጠብቅ ተሰጠው።

ጦርነቱ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ አመሻሹ ላይ፣ በወገኑ አለቆች ጉባኤ አንድ ንጉሥ ከሜዳው ቀድሞ የተመለሰውን ማሂዳራን «ዛሬ ፀሐዩ ከበደህ መሰለኝ፤ ቶሎ ጥላ ፈለግህ» ብሎ አላገጠበት። ማሂዳራ ውሃ አስመጥቶ በጣቱ ነካና በጉባኤው ፊት ማለ፤ «ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሜዳው ከወጣሁ፣ በእግሬ እሳት ውስጥ እገባለሁ!» በእኛ ሰዎች ዘንድ ውሃ ተነክቶ የተነገረ ቃል አይመለስም። ተናጋሪው ራሱ ቢለምነው እንኳ አይመለስም።

በማግሥቱ የቀኙ ጠባቂ ረፋድ ላይ ሞተ። ከቀትር በኋላ አንድ ፍላጻ ማሂዳራን ከቀኝ ትከሻው በታች ወጋውና ራሱን ስቶ ሠረገላው ውስጥ ወደቀ። ነጂው ሽማግሌ ፒንጋላ ልጓሙን ሰብስቦ ፈረሶቹን ማዞር ጀመረ።

«የት ሊሄዱ ነው፣ አጎቴ?»

«የት ትለኛለህ? ጌታ ራሱን ሲስት ነጂው ያወጣዋል። ሕጉ ይኼ ነው። ከአባቴ ነው የተማርኩት።»

«ማታ ምን ብለው እንደማሉ አልሰሙም? ያወጧቸው እንደሆን በሕይወት ወደ እሳት ነው የሚወስዷቸው።»

«እዚህ ከቀሩስ? ጠላት ቀዝቃዛ ውሃ ሊያጠጣቸው ነው?»

«ፀሐይዋ ሁለት ክንድ ነው የቀራት። ያቁሙ!»

ፒንጋላ ተራግሞ አቆመ።

ወዲያው ከአቧራው ውስጥ የጠላት ሠረገላ ወጣ። በላዩ ጃያንጋ ነበር፤ ከዚያው መምህር ዘንድ ከሳራንጋ ጋር በአንድ ሰሌን የተኛ ሰው። ጠዋት ማሂዳራ ታናሽ ወንድሙን ገድሎበታል። ጃያንጋ ቀስቱን ወጠረ፣ የወደቀውን አየና ዝቅ አደረገው። ራሱን የሳተ አይመታም።

«ሳራንጋ! አንተ ከመንኰራኩር ሥር መቼ ነው የምትወጣው?»

«አንተ መውረድ ስትማር።»

ጃያንጋ ሊስቅ ቃጣውና ተወው። «ከአንተ ጋር ጉዳይ የለኝም። ሲነቃ ንገረኝ፤ እጠብቃለሁ።»

ቆመና ጠበቀ። ከሁሉም የሚያስፈራው ያ መጠበቁ ነበር። ቀኝ እጁ የማይነሳ ሰው ሲነቃ መሞቱ ነው፤ ሳይነቃ ቢውል ግን የሚነካው የለም። እስከዚያ ቀን ጌታውን ከፍላጻ የጠበቀው ሳራንጋ አሁን የሚጠብቀው ከጌታው ከራሱ ዓይን መገለጥ ነበር። ፒንጋላ የውሃ አቁማዳውን ሲያነሳ እጁን ያዘው።

«ፊታቸውን ላርሰው እንጂ!»

«ጠብታ አያርፍባቸው፣ አጎቴ።»

ፀሐይዋ የዛፎቹን ጫፍ ስትነካ ማሂዳራ ቃተተ። ሳራንጋ እንደሚደግፈው ሆኖ ጎንበስ አለና ጋሻውን ጋረደበት። የማሂዳራ ዓይኖች ተገልጠው ነበር።

«ቀስቴን» አለ በሹክሹክታ።

«ጌታዬ፣ ጥቂት ነው የቀረው። ዝም ይበሉ።»

«ቀስቴን አምጣ፣ አንተ ባሪያ! ተኝቶ አመለጠ ሊያሰኘኝ...»

ሳራንጋ አፉን በመዳፉ ከደነው። ማሂዳራ ነከሰው። ጥርሱ ሥጋውን አልፎ ሲገባ ደሙ በክርኑ ወረደ፤ ሳራንጋ እጁን አላነሳም።

«ተንቀሳቀሰ?» አለ ጃያንጋ። ሠረገላው አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ቁስሉ ነው።»

«ሳራንጋ፣ በመምህራችን እሳት ፊት የቆምክ ያህል ቁጠረው። ነቅቷል?»

ፒንጋላ ዓይኑን ወደ ፈረሶቹ ጆሮ መለሰ። ሳራንጋ የማሂዳራ ትንፋሽ መዳፉ ውስጥ ሲሞቅ ተሰማው።

«አልነቁም» አለ።

ጃያንጋ ረጅም ጊዜ አየው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ወርዶ ጋሻውን ይገልጥ ነበር፤ ከሳራንጋ አፍ የወጣን ቃል ግን ማንም ገልጦ አያውቅም። ሲያስብ ሳለ ፀሐይ ጠለቀች፤ የዕለቱ ውጊያ ማብቂያ የዛጎል መለከት ከሜዳው ዳር እስከ ዳር ተነፋ። ጃያንጋ የቀስቱን ጅማት ፈታና ሠረገላውን አዞረ።

በጉባኤው ያው አላጋጭ ንጉሥ ማሂዳራን ጠየቀው። «እስከ መለከቱ ድረስ ራስህን ስተህ ነበር አሉ። እውነት ነው?»

ሳራንጋ በጨርቅ የታሰረ እጁን ይዞ ከኋላ ቆሟል። ማሂዳራ «አይደለም» ቢል ጠባቂው ውሸታም፣ ራሱም ከጋሻ ሥር የተደበቀ ይሆናል።

«አዎ» አለ ማሂዳራ።

ከዚያ ወዲያ ለሳራንጋ አንዲት ቃል አልተናገረም። ሊያባርረውም አልቻለም፤ ለምን እንዳባረረው መናገር ነበረበታ። አንድ ሰው ሌላውን ከሞት አውጥቶ፣ ሁለቱም የማይኮሩበት ነገር ውስጥ አብረው ሲታሰሩ ምን እንደሚባል ብዙ መጽሐፍ አገላብጬ ስም አላገኘሁለትም።

በማግሥቱ ጠዋት ማሂዳራ ቁስሉን አስሮ ሠረገላው ላይ ወጣ፤ ሳራንጋም በቦታው፣ በግራው መንኰራኩር አጠገብ ቆመ። በአንድ መምህር ሥር ያደጉ ሰዎች በተቃራኒ ሰልፍ ሲገናኙ፣ ውጊያው ሳይጀመር ፍላጻ ወርውረው ከባልንጀራቸው እግር ፊት መሬት ላይ በመትከል ሰላምታ ይለዋወጣሉ። የጃያንጋ ፍላጻ እስከዚያ ቀን አንድም ጠዋት አልቀረም፤ ዛሬም ሠረገላው ከማዶ ሰልፍ ቆሟል። ሳራንጋ ዓይኑን ከእግሩ ፊት ካለው አፈር ላይ ሳይነቅል ጠበቀ። መለከቱ ተነፋ፤ ፈረሶቹ ተንቀሳቀሱ፤ ፒንጋላ «ልጄ፣ ሩጥ እንጂ!» ብሎ ጮኸበት።

አፈሩ ላይ ምንም አልነበረም። ሮጠ።